የጎረቤት አደራ፤ ስለ ቻይንኛና ስለ ላዎኛ

ከቻይናዋ ከኩንሚንግ ከተማ ተነሥቶ፣ ተራራ እየበሳና ሸለቆ እየተሻገረ ወደ ላዎስ ርእሰ ከተማ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ 1,035 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2021 ነው። በላዎስ ምድር በሚገኙት ጣቢያዎች ግንባር ላይ የየቦታው ስም በላዎኛና በቻይንኛ ተጽፎ ይታያል። ከእነዚህ ሰሌዳዎች መካከል የመንገደኛን ልብ ይበልጥ ሊይዝ የሚገባው የመጨረሻው ነው። ላዎኛው ከተማይቱን «ቪየንግ ቻን» ይላታል፤ ቻይንኛው ግን «ዋን ሺያንግ» ይላታል። ሁለቱ ጽሕፈቶች አንዲት ከተማ ይጥሩ እንጂ የሚሉት ለየቅል ነው። «ቪየንግ» በቅጥር የተከበበ ከተማ ማለት ሲሆን፣ «ዋን ሺያንግ» ዐሥር ሺህ ዝሆን ማለት ነው።

ዝሆኖቹ ከየት መጡ ቢባል መልሱ ከታሪክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1353 ፋ ንጉም የተባለው ንጉሥ በሜኮንግ ወንዝ ግራና ቀኝ ያቆመው መንግሥት «ላን ሳንግ» ይባል ነበር፤ ፍቺውም አንድ ሚሊዮን ዝሆን ነው። ቻይንኛው ስም ያንን የጥንት መንግሥት ያስታውሳል። ሚሊዮኑ ወደ ዐሥር ሺህ ዝቅ ማለቱ ግን ከንፍገት የመጣ አይደለም። ቻይንኛ ታላላቅ ቁጥሮችን የሚቆጥረው በዐሥር ሺህ፣ ማለትም በ«ዋን» ነው፤ ሚሊዮን ለማለት «መቶ ዋን» ማለት ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ «ዋን» ስፍር ቁጥር የሌለውን ሁሉ የሚያመለክት ቃል ነው። ላዎኛ «ሳንግ» የሚለውን እንስሳ ቻይንኛ «ሺያንግ» ማለቱም ጆሮን ቀና ያደርጋል።

ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ሲገናኙ ጥያቄ ይወለዳል። ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ጎረቤታሞች? ጎረቤታሞችስ ከሆኑ፣ አንደኛው ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ተናጋሪ ያለው፣ ሁለተኛው ደግሞ አገሩ በጠቅላላው ከሰባት ሚሊዮን ብዙም የማይርቅ ሕዝብ ያለው ሲሆን፣ ታናሹ ከታላቁ አጠገብ ምን ይዞ ይኖራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ አንባቢ አንዲት ተማሪ በዐይነ ኅሊናው ይሣል። የሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ ተወላጅ ናት፤ በአያቷ እጅ አድጋለች፤ ዕድሜዋ ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ ቻይንኛ ልትማር በዚያው ሐዲድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩንሚንግ ትሄዳለች። ስም አያስፈልጋትም፤ የእርሷ ዓይነት ብዙዎች ናቸውና።

ከሩቅ ለሚያዳምጥ ሰው ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በሁለቱም ዘንድ መሠረታዊው ቃል በአብዛኛው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ግሱ አይረባም። አማርኛ «በላሁ፣ በላሽ፣ በላች፣ ይበላሉ» እያለ የሚዘረዝረውን ሁሉ፣ ላዎኛ «ኪን»፣ ቻይንኛ «ች» በምትል አንዲት የማትለወጥ ቃል ይጨርሰዋል፤ ማን እንደ በላና መቼ እንደ በላ የሚታወቀው በአጠገቧ ከሚቆሙት ሌሎች ቃላት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያመሳስላቸው ግን ቃና ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ነገር ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ በጥቂቱ ሊገምተው ይችላል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ፍቺውን የሚለየው አፍ ነው። በቻይንኛና በላዎኛ ደግሞ ፍቺውን የሚለየው የድምፁ መውጣትና መውረድ ነው። የቤይጂንግ ቻይንኛ አራት ቃናዎች አሉት፤ «ማ» የሚለው ቀለም በአንዱ ቃና እናት፣ በሌላው የቃጫ ተክል፣ በሦስተኛው ፈረስ፣ በአራተኛው ስድብ ይሆናል። የቪየንግ ቻን ላዎኛ እንደ አቈጣጠሩ አምስት ወይም ስድስት ቃናዎች አሉት፤ በእርሱም ዘንድ «ማ» መምጣት፣ ውሻና ፈረስ ነው። ፈረሱ በሁለቱም ቤት «ማ» መሆኑን ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለው መመሳሰል ሊቃውንቱንም ረዘም ላለ ጊዜ አሳምኗቸው ነበር። የላዎኛና የታይላንድኛ ወገን የሆኑትን የታይ ቋንቋዎች ከቻይንኛ ጋር በአንድ የዘር ሐረግ ይመዘግቧቸው ነበር፤ ስመ ጥሩው የቋንቋ ሊቅ ሊ ፋንግኩዌይም እ.ኤ.አ. በ1937 ይህንኑ አከፋፈል ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ግን ፖል ቤኔዲክት የታይን ቋንቋዎች ከቻይንኛ ለይተው ዘመዶቻቸውን በደቡብ ባሕር ደሴቶች ቋንቋዎች ዘንድ ፈለጉ። ዛሬ አብዛኛዎቹ አጥኚዎች ቻይንኛን ከቲቤትኛና ከበርማኛ ጋር፣ ላዎኛን ደግሞ ታይ-ካዳይ በሚባለው የተለየ ቤተሰብ ውስጥ ያኖሩታል። ስለዚህ መመሳሰላቸው ከደም የመጣ ሳይሆን አብሮ ከመኖር የተገኘ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት ቻይናውያንም በቋንቋቸው ይተርቱታል፤ ለሁለቱ ቋንቋዎች ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝላቸውም።

* * *

ተማሪዋ ኩንሚንግ ስትደርስ በመጀመሪያ የሰማችው ሰላምታ አላስደነገጣትም። በአገሯ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ኪን ኻው ሌው ቦ?» ይባባላል፤ ሩዝ በልተሻል ወይ ማለት ነው። በቻይናም ያረጀው ሰላምታ «ች ለ ማ?» ይላል፤ በልተሻል ወይ። ሁለቱም ጠያቂዋን ትንሽ ቃል በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖሯታል፤ ልክ የአማርኛው «ወይ» እንደሚቀመጠው። ሁለቱም ስለ ሆድ የሚጠይቁ ይምሰሉ እንጂ የሚጠይቁት ስለ ደኅንነት ነው። ልጅቱ ቤቷ የገባች መሰላት።

መሳሳት የጀመረችው ሁለት ቃል ማጋጠም ስትጀምር ነው። ወደ ኩንሚንግ ያመጣትን ባቡር ላዎኛ «ሎት ፋይ» ይለዋል፤ «ሎት» ተሽከርካሪ፣ «ፋይ» እሳት ነው። ቻይንኛም እንደዚሁ ባቡርን በእሳት ይጠራዋል፤ «ሁዎ ቸ» ሲል «ሁዎ» እሳት፣ «ቸ» ተሽከርካሪ ነው። ሐሳቡ አንድ ሲሆን አሰላለፉ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በላዎኛ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል፤ በቻይንኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። በላዎኛ ፈረስ ነጭ፣ ቤት የእኔ ይባላል፤ በቻይንኛ ነጭ ፈረስ፣ የእኔ ቤት።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ በገዛ አፉ ውስጥ ይገኛል። «የመንግሥት ቤት» ሲል እንደ ቻይናዊ ይሰልፋል። «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቤተ ክርስቲያን» ሲል ደግሞ በግእዝ ሥርዐት፣ ባለቤቱን አስቀድሞ፣ እንደ ላዎ ሰው ይሰልፋል። አንድ ሰው ሁለቱን አሰላለፎች ሳያደናቅፉት በአንድ ቀን መናገር ይችላል። ተማሪዋን ያስቸገራት ግን የላዎኛው ልማድ ሲሆን፣ «ተሽከርካሪ እሳት» እያለች ጓደኞቿን ታስቅ ነበር።

ዕቃ ሲቆጠርም ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መሣሪያ ይዘው በየራሳቸው መንገድ ይሠሩበታል። ሁለቱም ቁጥርን ከስም ጋር በቀጥታ አያጋጥሙም፤ ለየነገሩ የተለየ መቁጠሪያ ቃል ያስገባሉ። አማርኛም ይህን ነገር ጨርሶ አያጣውም፤ «ዐሥር እግር ቡና»፣ «አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት»፣ «ሦስት ፍሬ እንቍላል» ይባላል። ቻይንኛ መጽሐፍን «ሳን በን ሹ» ብሎ ይቆጥራል፤ «ሳን» ሦስት፣ «ሹ» መጽሐፍ ሲሆን፣ «በን» የቀድሞ ፍቺው የዛፍ ሥር ነው። ላዎኛ «ፑም ሳም ሁዋ» ይላል፤ «ፑም» መጽሐፍ፣ «ሳም» ሦስት፣ «ሁዋ» ራስ። እንግዲህ መጽሐፍ በቻይና ሥር አለው፣ በላዎስ ራስ አለው። ቻይንኛ በራስ የሚቆጥረው ከብትን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልጅቱን የከበዳት አንዲት አጭር ቃል ነበረች፤ «ዎ»፣ ማለትም «እኔ»። በላዎኛ ሰው ራሱን የሚጠራው በፊቱ ባለው ሰው መጠን ነው። በዕድሜ ለሚበልጣት ሰው ስትናገር «ኖንግ»፣ ታናሽ፣ ትላለች ራሷን፤ ለሚያንሳት «ኧዋይ»፣ ታላቅ እኅት፣ ትሆናለች፤ ለአያቷ «ላን» ናት፣ የልጅ ልጅ። ቻይንኛም የዝምድና ስሞችን እጅግ አብዝቶ ያውቃል፤ የአባትን ታላቅ ወንድም ከታናሹ፣ የእናትን ወንድም ከሁለቱም ለይቶ ይጠራል፤ ለአክብሮትም «ኒን» የሚል አንቱታ አለው። ተናጋሪው ግን ራሱን በተለመደው ንግግር «ዎ» ይላል፤ ለመምህሩም፣ ለሕፃንም፣ ለባለ ሱቅም ያው «ዎ» ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያው ወር ይህችን ቃል በተናገረች ቍጥር ብቻዋን በአደባባይ የቆመች መሰላት። የሰዋስው መጽሐፍ ይህን ናፍቆት በአንድ መስመር ያልፈዋል።

* * *

ጽሕፈቱ የሁለቱን ቋንቋዎች ጠባይ ይበልጥ ያጋልጣል። ቻይናዊው ምልክት ቃሉን ሙሉውን ይወክላል። «እናት» የሚለው ምልክት በአንድ ወገኑ «ሴት»፣ በሌላው «ፈረስ» የሚሉ ምልክቶችን ይዟል፤ ሴቲቱ ስለ ትርጉም፣ ፈረሱ ስለ «ማ» ድምፅ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 የጽሕፈት ማቅለያ ዕቅድ ከወጣ ወዲህ በዐሥር ጭረት ይጻፍ የነበረው ፈረስ በሦስት ጭረት መጻፍ ተለመደ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ድምፁን በላቲን ፊደል የሚያሳይ ሥርዐት ጸደቀ። በምልክቱ በራሱ ላይ ግን ቃናው በየትም አይጻፍም፤ አንባቢ በቃሉ ማጥናት አለበት።

የላዎ ፊደል ከሕንድ በክመር ምድር በኩል የመጣ ነው። እንደ ግእዝ ፊደል መሠረቱ ተነባቢው ነው፤ አናባቢው በተነባቢው ላይ ይደገፋል። በግእዝ አናባቢው የፊደሉን እግር ሲያረዝም፣ ሲያጎብጥ ወይም ቀለበት ሲያንጠለጥልበት፣ በላዎኛ ለብቻው የቆመ ምልክት ሆኖ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ ወይም ከታች ይቀመጣል። ቃናውንም ይጽፋል፤ ይኸውም በተነባቢዎቹ ምድብና ከላይ በሚቀመጡ ምልክቶች አማካይነት ነው። «ማ» መምጣት ሲሆን በባዶው ይጻፋል፤ ፈረስ ሲሆን ምልክት ይደረግለታል፤ ውሻ ሲሆን የማይነበብ «ሀ» ከፊቱ ይቀጠልበታል።

መንፈሳዊውንና የምሁራኑን ቃል ላዎኛ የሚያመጣው ከዚያው ፊደሉ ከመጣበት፣ ከሕንድ ነው። «ፋሳ»፣ ቋንቋ፣ ከሳንስክሪት ነው፤ «ፓንያ»፣ ጥበብ፣ ከፓሊ ነው። የቡድሃ ትምህርት ወደ ላዎስ ሲገባ ቃሉን ከነድምፁ ይዞ ገባ፤ ዛሬ ገበሬውም «ፓንያ» ይላል። ቻይና ግን ያንኑ ትምህርት በትርጉም ልታስገባው ደከመች። ከሕንድ እ.ኤ.አ. በ645 መጻሕፍት ጭኖ የተመለሰው መነኵሴ ሹዋንዛንግ የማይተረጐሙ አምስት ዓይነት ቃላት አሉ እንዳለ ይነገራል፤ ከእነዚህም አንዱ ክብሩ እንዳይቀል በድምፁ ሊቀር የሚገባው ነው፤ ምሳሌውም ይኸው «ጥበብ» የሚለው ቃል ነበር። በቻይና ይህ የተውሶ ድምፅ ከገዳሙ ቅጥር ብዙም አልወጣም።

በዘመኑ ቃላትም ይህ ጠባይ ይታያል። ስልክን ቻይንኛ «ዲየን ኋ»፣ የመብረቅ ንግግር፣ ብሎ በራሱ ቃላት ሰየመው፤ ላዎኛ «ቶላሳፕ» ሲል ከሕንድ በመጡ ቃላት «የሩቅ ድምፅ» አለው። ኤሌክትሪክን ግን ላዎኛ በገዛ ቃሉ «ፋይ ፋ» ብሎታል፤ የሰማይ እሳት። ሁለቱም ወደ መብረቅ ቀና ብለው ማየታቸው የሚያስደስት ነው።

* * *

እንግዲህ ላዎኛ ስለ ነፍስ ሲናገር ወደ ሕንድ የሚመለከት ከሆነ፣ ከቻይንኛ የወሰደው ምንድን ነው? መልሱ በገበያ ይገኛል፤ ቁጥርን ወስዷል። ላዎኛ ከሁለት እስከ ዐሥር ሲቆጥር «ሶንግ፣ ሳም፣ ሲ፣ ሃ፣ ሆክ፣ ቼት፣ ፔት፣ ካው፣ ሲፕ» ይላል። የቤይጂንግ ሰው «ኧር፣ ሳን፣ ስ፣ ዉ፣ ልዩ፣ ቺ፣ ባ፣ ጅዩ፣ ሽ» ይላል። ሦስትና አራት ይቀራረባሉ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንትና ዐሥር ግን ባዕዳን ይመስላሉ። ሊቃውንቱ ግን የላዎኞቹ ቁጥሮች ከጥንታዊ ቻይንኛ የተወሰዱ መሆናቸውን በሰፊው ይቀበላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ቻይንኛ አራት የቃና ወገኖች ነበሩት። ባለቅኔው ሼን ዩዌ (እ.ኤ.አ. 441–513) እነርሱን ለይቶ በግጥም ሥርዐት ውስጥ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ601 የተዘጋጀው ቺዬዩን የተባለው የቤት መምቻ መዝገበ ቃላትም በአራቱ ተከፋፍሎ የተደራጀ ነው። ከአራቱ አንዱ «የሚገባ» ይባል ነበር፤ ቃሉ በ«ፕ»፣ በ«ት» ወይም በ«ክ» ድንገት የሚዘጋበት ነው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንትና ዐሥር ሁሉም ከዚህ ወገን ነበሩ። ዘመን ሲያልፍ በሰሜን ቻይና እነዚህ መዝጊያዎች ጠፉ፤ በሩ ተከፍቶ ቀረ። በደቡብ ካንቶን ሰዎች ዘንድ ግን «ሉክ፣ ቻት፣ ባት፣ ሳፕ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይሰማል። በላዎስም «ሆክ፣ ቼት፣ ፔት፣ ሲፕ» ይባላል።

ተማሪዋ ይህን የተረዳችው በሥነ ግጥም ክፍል ውስጥ ነው። የታንግ ዘመን ግጥም ቃናዎች እንደ ሽመና ክር ይሰላሰሉበታል፤ ደልዳላው ቃና ከተወላገደው ጋር በደንብ ተመድቦ ይፈራረቃል። ዛሬ በቤይጂንግ አነጋገር ሲነበብ ግን አንዳንዱ ስንኝ ይሰናከላል፤ ያኔ ዝግ የነበረው ቃል ዛሬ ተከፍቶ ወደ ደልዳላው ወገን ገብቷልና። መምህሩ የጠፋውን ድምፅ በሰሌዳ ላይ በምልክት ሊያስረዳ ሲደክም፣ እርሷ በልቧ አያቷ እንቍላል ስትቆጥር ሰማቻት። ቻይናውያን ጓደኞቿ ከመጽሐፍ የሚማሩትን መዝጊያ እርሷ ከማጀት ይዛው መጥታ ነበር።

ከዚህ ላይ «ተውሶ» የሚለው ቃል ያንሳል፤ «አደራ» ማለት ይሻላል። ባለቤቱ ቤቱን ሲያድስ የጣለውን መዝጊያ ጎረቤቱ ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቶለታል። ይሁን እንጂ ላዎኛ አደራውን የጠበቀው በራሱ ቤት ሥርዐት ነው። «አንድ» ለማለት የራሱን «ኑንግ» አልለቀቀም፤ የቻይንኛውን «አንድ» እንደ ዐሥራ አንድ ባሉ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ «ሲፕ ኤት» እያለ አኖረው። ሃያን እንደ ቻይናዊው «ሁለት ዐሥር» አላለውም፤ «ሳው» ይለዋል። ቁጥሩንም ከስሙ በኋላ እንጂ እንደ ቻይንኛው ከፊት አላሰለፈውም።

ያ ባቡር ወደ ላዎስ ድንበር ሳይደርስ የሚያልፍበት አገር የዚህን ታሪክ ፍጻሜ ይዟል። ስሙ በቻይንኛ ሺሽዋንግባና ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ራስ ገዝ ክልል የሆነ የታይ ሉ ሕዝብ ምድር ነው፤ ቋንቋቸውም የላዎኛ የቅርብ ዘመድ ነው። እነርሱ አገራቸውን የሚጠሩት «ሲፕ ሶንግ ፓን ና» ብለው ሲሆን ዐሥራ ሁለት ሺህ የሩዝ ማሳ ማለት ነው። ቻይናዊው ጸሐፊ ስሙን ሲመዘግብ በትርጉሙ ሳይሆን በድምፁ ያዘው። «ሲፕ» ን የመዘገበው «ምዕራብ» በሚለው ምልክት ነው፤ «ሶንግ» ን «ጥንድ» በሚለው፤ የቀሩትንም ከማሳ ጋር ግንኙነት በሌላቸው ምልክቶች።

ከሺህ ዓመት በፊት ከቻይና የወጣው «ዐሥር» በዚህ ስም ውስጥ ሆኖ ወደ ትውልድ አገሩ ቢመለስ የሚያውቀው አጥቶ «ምዕራብ» ተብሎ ተጻፈ። «ሶንግ» ግን የተሻለ ዕድል ገጠመው። የላዎኛው «ሁለት» የመጣው ጥንድ ከሚለው ከቻይንኛው «ሽዋንግ» ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ጸሐፊውም ለድምፁ ሲል ብቻ ይህንኑ ምልክት አነሣ። እንደዚህ ሆኖ አንዱ ወንድም በአባቱ ደጅ ባዕድ ተብሎ ሲቆም፣ ሁለተኛው ማንም ሳያውቅ በራሱ አልጋ ላይ ተኛ።

* * *

ድምፅ ብቻ የሚያውቀው ዝምድናም አለ። የላዎዎች የነፍስ መሣሪያ ኼን ይባላል፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥራ ስድስት የሆኑ የሸንበቆ ቱቦዎች ያሉት፣ በትንፋሽ የሚነፋ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በቻይና ሸንግ የሚባለው የጥንት መሣሪያ በአሠራሩ የኼን ዘመድ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ቀጭን ምላስ በነፋስ እየተርገበገበ ድምፅ ይሰጣል።

በኼን የሚታጀበው ዘፋኝ «ሞ ላም» ይባላል። «ሞ» ዐዋቂ፣ ባለ ሙያ ማለት ነው፤ ሐኪምም «ሞ ያ»፣ የመድኃኒት ዐዋቂ፣ ይባላል። እንደ አዝማሪ በፊቱ ያለውን ሰው እያየ ግጥሙን ያፈሳል፤ ዜማውን ግን እንደ ልቡ አያዝዘውም። ቃሉ ከወጣ ዜማው ይወጣል፤ ቃሉ ከወረደ ይወርዳል፤ ያለዚያ ፈረሱ ውሻ ይሆንበታል። እንደዚህ ባለው ዘፈን ውስጥ ሌላ ቋንቋ በቃል ሊገባ ይችላል፤ በሥልጣን ግን አይገባም፤ የሚገባው ቃል ሁሉ የላዎኛን ቃና ለብሶ መውጣት አለበት።

ይህ ሲባል ታናሹ ቋንቋ ሥጋት የለበትም ማለት አይደለም። ዛሬ ቻይንኛ ከነንግዱ፣ ከነሥራውና ከነትምህርቱ በሐዲድ እየወረደ ነው፤ ልጁ እንጀራ እንዲያገኝ ቻይንኛ እንዲማር የሚሻ ወላጅ አይወቀስም። ከሜኮንግ ማዶ፣ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ የላዎኛ ተናጋሪው ከራሷ ከላዎስ ሕዝብ ይበዛል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚማረው በታይኛ ሲሆን፣ የእናቱን ቋንቋ ሲጽፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው በታይ ፊደል ነው። እዚያ ላዎኛን ያሳሳው የተውሶ ቃል ብዛት አልነበረም፤ ከትምህርትና ከጽሕፈት ቤት መራቁ ነው።

አሰላለፍ እንደ ቃል አይሰደድም የሚል ሰው ካለም አማርኛን ያዳምጥ። ግእዝ ማሰሪያ አንቀጹን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንዲወስድ ግዴታ አልነበረበትም፤ አማርኛ ግን አጽንቶ ወደ መጨረሻ ወሰደው፤ ይህም ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖር የመጣ ነው ይላሉ አጥኚዎች። አማርኛ ስለዚህ አልሞተም፤ በዚሁ አሰላለፍ ቅኔ ተቀኘ። ቋንቋ ቃልም ሥርዐትም ቢዋስ ይኖራል። የማይኖረው አያት የልጅ ልጇን የምትጠራበት ቃል ሲቀር፣ ጠሪና ተጠሪ ሲለያዩ ነው።

በኤፕሪል ወር፣ በላዎስ አዲስ ዓመት፣ ተማሪዋ ወደ ሉዋንግ ፕራባንግ ትመለሳለች። ቻይናንና ላዎስን የሚለየው ድንበር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን ዋሻ ውስጥ ነው፤ ባቡሩ በአንድ ቋንቋ ጨለማ ገብቶ በሌላው ቋንቋ ብርሃን ይወጣል። ከጣቢያ ስትደርስ አያቷ በመጀመሪያ የምትጠይቃት ሩዝ መብላቷን ነው። በማግሥቱ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በግራና ቀኝ እጇ አንጓ ላይ ነጭ ክር ያስርላታል። ከመንገድ ለተመለሰ ሰው የሚደረግ ሥርዐት ነው። ሰው ሠላሳ ሁለት ነፍሳት አሉት ይላሉ ላዎዎች፤ «ኽዋን» ይሏቸዋል፤ መንገድ ሲርቅ ይበተናሉ፤ በየዱሩና በየወንዙ የቀሩት እየተጠሩ መመለስ አለባቸው። አንዳንድ ሊቃውንት «ኽዋን» ራሱ ነፍስ ከሚለው ከቻይንኛው «ሁን» ጋር ይዛመዳል ይላሉ።

ሽማግሌው ነፍሳቱን በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ «ሳም ሲፕ ሶንግ»፣ ሠላሳ ሁለት። «ሳም» ከቻይና ነው፤ «ሲፕ» ከቻይና ነው፤ «ሶንግ» ከቻይና ነው። የአንዲት የላዎ ልጅ ነፍስ በጎረቤት ቁጥር ተቆጥራ ሳትጎድል ወደ ቤቷ ትገባለች። አያቷም ክሩን እያጠበቀች «ላን» ትላታለች። ልጅቱም ከአንድ ዓመት «ዎ» በኋላ ማን እንደ ሆነች ትሰማለች።